አርቪ ገዛህ አሉኝ

ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል?

ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ መቁጠሩን እንተወው። የኔ ስልክ አልጠፋብህም፣ ያንተም አልጠፋብኝም። ሥራው፣ ልጆቹ፣ የሰዓቱ ልዩነት፣ ነገ እደውላለሁ፣ ለእሁድ ይሁን እያልን ይኸው ዓመት ዓመትን ወለደ። እማማ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውስ ተሻላቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ልጆቹ በቁመት እኔን ሊያልፉኝ ምንም አልቀራቸው፣ እኔ ደግሞ ረጅሙን የጭነት መኪና ሥራ ትቼ እዚሁ ዴንቨር ዙሪያ ብቻ እሠራለሁ። ወገቤ አመሰገነኝ።

ሰሞኑን አርቪ፣ ውስጡ ቤት የሆነ የጉዞ መኪና፣ ገዛህ አሉኝ። ያገለገለ ክላስ ሲ የሚሉት መካከለኛው ዓይነት፣ ጣራው ላይ አራት ሶላር ፓነል ያለው። ከገና በኋላ ከቨርጂኒያ ተነስታችሁ፣ እኛ ጋ አረፍ ብላችሁ፣ ወደ አሪዞና ወርዳችሁ እስከ መጋቢት ልትከርሙ ነው አሉ። ደስም አለኝ፣ ደነገጥኩም። ደስ ያለኝ ስለምትመጡ ነው። የደነገጥኩት ደግሞ «ሶላር አለው፣ የመብራቱ ነገር አለቀ» ብለሃል ሲሉኝ ነው። አላለቀም ወንድሜ። በብርድ ጊዜ የሚፈትንህ ሌሊቱ ነው፣ ሌሊት ደግሞ ሶላር የለም። እኔ ይሄን ነገር የተወሰኑ ዊንተሮች ስለኖርኩበት፣ የማውቀውን ሳልጽፍልህ ብትነሳ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከማሞቂያው እንጀምር። ፈርነሱ ጋዝ ነው የሚያቃጥለው ብለህ አትዘናጋ። ሙቀቱን የሚነፋው ፋን በባትሪ ነው የሚዞረው፣ በሠራ ቁጥር ከ7 እስከ 8 አምፔር ይወስዳል። ካንሳስ ውስጥ በጥር ወር አደርክ እንበል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት 14 ሰዓት ነው፣ ግማሹን ከሠራ 7 ሰዓት፣ በ8 ስታባዛው 56 አምፔር ሰዓት በፋን ብቻ ሄደ። በዚያ ላይ መብራቱ፣ የውሃ ፓምፑ፣ የጋዝና የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚዎቹ፣ የፍሪጁ መቆጣጠሪያ፣ የልጆቹ ስልክ አለ። 75 ወይም 80 በለው።

አሁን ባትሪህን እይ። እንደሰማሁት የድሮው ዓይነት፣ ሊድ አሲድ፣ ሁለት ባለ 100 አምፔር ሰዓት ናቸው። ወረቀቱ 200 ይላል። ግን ሊድ አሲድን ከግማሽ በታች ካወረድከው ዕድሜውን ነው የምትበላው፣ ስለዚህ እጅህ ላይ ያለው 100 ነው። ብርድ ደግሞ ከዚህም ይቀንሳል፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ፣ ማለትም በፋራናይቱ ዜሮ ላይ፣ ግማሽ ያህል ጉልበቱ ይጠፋል። 80 የሚፈልግ ሌሊት፣ 50 የሚሰጥ ባትሪ። ሒሳቡ አይገጥምም።

የማይገጥመው ሒሳብ ደግሞ የሚነገርህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ይሄን በደንብ ስማኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፈርነሱ ተበላሸ ብሎ ሲያስፈታ ይውላል። ፈርነሱ ውስጥ አየር ሲገፋት የምትዘጋ ትንሽ ቅጠል የመሰለች ማብሪያ አለች። ፋኑ በቂ ነፋስ ሲሰጥ ትዘጋለች፣ ያኔ ብቻ እሳቱ ይለኮሳል። ባትሪው ሲደክም ፋኑ ይዞራል ግን ቀስ ይላል፣ ማብሪያዋ አትዘጋም፣ እሳት የለም። ፋኑ ቀዝቃዛ አየር እየነፋ የቀረችውንም ባትሪ ይጨርሳታል። አንተ ብርድ ልብስ ስር ሆነህ ድምፁን ትሰማለህ፣ «እየሠራ ነው» ትላለህ፣ ቤቱ ግን እየቀዘቀዘ ነው። ያኔ ከመሣሪያ ሳጥንህ ካቻቢቴ ሳይሆን ቴስተሩን አውጣ። ፋኑ እየዞረ ቮልቱ ወደ 11 ከወረደ ጥፋቱ የፈርነሱ አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ ምንድነው? አምስተኛ ፓነል አትግዛ። ገንዘብህን ባትሪው ላይ አውለው። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚሉትን፣ እንደ አቅምህ ባለ 100 ሁለት ወይም ሦስት። ሊትየም የተጻፈበትን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይሰጥሃል፣ ክብደቱም ግማሽ እንኳ አይሆንም። ግን አንድ አመል አለው፣ እሱም ለዊንተር ተጓዥ ትልቁ ነገር ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት አይወድም። በብርድ ኃይል ይሰጥሃል፤ በብርድ ከሞላኸው ግን ሊትየሙ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል፣ ያ ጉዳት ደግሞ አይመለስም። ደህና የተሠሩት ባትሪዎች ውስጥ ይሄን የሚጠብቅ ሰርኪውት አለ፣ ሲቀዘቅዝ መሙላቱን ይቆርጠዋል። ባትሪው ይድናል፣ አንተ ግን ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆመህ አንዲት አምፔር አትገባልህም።

ያንተ መኪና ላይ ባትሪዎቹ የሚቀመጡት የት ነው? ክላስ ሲ ብዙ ጊዜ ከመግቢያው ደረጃ ስር፣ ውጭ ባለ ሳጥን ውስጥ ነው። እዚያ ቦታ ሊትየም አታስቀምጥ። ወደ ውስጥ አስገባው፣ አልጋው ስር ወይም የመመገቢያው ወንበር ስር፣ ቤቱ ሲሞቅ እሱም አብሮ ይሙቅ። የድሮዎቹን ግን እንዲሁ ወደ ውስጥ አታስገባ፤ ሲሞሉ ሃይድሮጅን ጋዝ ይተፋሉ፣ መተንፈሻ የሌለው ሳጥን ውስጥ ሆነው አብረሃቸው ማደር የለብህም። ለዘንድሮ ገንዘቡ ካልተመቸህና በድሮዎቹ ከሄድክ ቢያንስ ባዶ አድርገህ አታሳድራቸው። የሞላ ሊድ አሲድ በቀላሉ አይረጋም። ባዶው ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ እንኳ ሳይደርስ ሊረጋና ቅርፊቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሊትየም ከገባ የድሮው ቻርጀርም ይታይ። አሮጌ አርቪ ውስጥ ያለው ኮንቨርተር ብዙ ጊዜ 13.6 ቮልት ላይ ነው የሚቆመው። ሊትየሙ ወደ 14.4 ይፈልጋል። በድሮው ይሞላል፣ ግን እየተጎተተ ነው፣ እስከ አፉም አይደርስም።

ሶላሩን ናቅከው እንዳትለኝ፤ ልኩን ልንገርህ ብዬ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ዴንቨር ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ሲሆን 27 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከአድማስ ከፍ የምትለው። ጣራህ ላይ ተጋድሞ ለተኛ ፓነል ያ ማለት ቀጥታ ብርሃኑ ከግማሽ በታች ነው፣ ቀኑም ከ10 ሰዓት ያንሳል። ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ የሚቆምበት እግር ብታሠራለት ጥሩ ነው፣ በረዶውም ይንሸራተትለታል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይሄ አደገኛ ነው። ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል። አራቱ በተከታታይ ከተያያዙና እያንዳንዱ 22 ቮልት ከሆነ በፋብሪካው ሙከራ፣ በ25 ዲግሪ፣ 88 ይሆናል። ከዜሮ በታች 20 በሆነ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግን 100 ይነካል። የሶላሩ መቆጣጠሪያ 100 ቮልት ነው የምችለው ካለ ያን ቀን ተሰናበተህ ማለት ነው። ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አድርጎ ጥንዶቹን ጎን ለጎን ማያያዝ ነው፤ ሽቦ መቀየር ነው እንጂ ብዙ ወጪ የለውም።

ከሶላሩ ይልቅ እኔ የምወደው ሞተሩን ነው። ከዲናሞው ወደ ቤቱ ባትሪ በዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር፣ የሚሳበውን አምፔር በሚገድበው፣ አገናኘው። በቀጥታ አታገናኝ፣ ሊትየም ሲርበው ልክ ስለሌለው ዲናሞውን ያቃጥለዋል፣ በተለይ ቆመህ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር። ባለ 30 አምፔር ብትገጥም፣ ከኛ ቤት ኒው ሜክሲኮ ያለችው ራተን ድረስ ሦስት ሰዓት ከምናምን ነው፣ 100 አምፔር ሰዓት ገደማ አስገባህ ማለት ነው። ሰማዩ ቢደፈርስም ባይደፈርስም። በክፍያ ካምፕ ሳታድር ለሚቀጥለው ሌሊት ደረስክ።

አሁን ወደ እንጀራው። ባለቤትህ ምጣዱን ይዛ ነው የምትሄደው ሲሉኝ ሳቅኩ፣ ከዚያ ግን ማስላት ጀመርኩ። የኤሌክትሪኩ ምጣድ 1,500 ዋት አካባቢ ነው። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው ኢንቨርተር ከ12 ቮልት ባትሪ ካወጣኸው ወደ 140 አምፔር ነው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሳብ ከስንት ሌሊት ማሞቂያ ጋር እኩል እንደሆነ አንተው አስላ። ቡናውን በጋዝ አፍሉ፣ ቁላቱንም ውጭ አድርጉት፣ ውስጥ ከሆነ የጭስ ጠቋሚው ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ይነሳል። እንጀራው ግን ሶኬት ባለበት ካምፕ ይጋገር። እዚያም ቢሆን 30 አምፔር ማለት 3,600 ዋት ነው። ምጣዱና አንድ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ ብቻ 3,000 ወሰዱ፣ የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ላይ ከሆነ ብሬከሩ ይወርዳል። ቢወርድ ይሻላል። የሚያስፈራው የማይወርደው ነው። የካምፑ ሶኬት ብዙ ሰው ሲሰካውና ሲነቅለው ስለኖረ ይላላል፣ የላላ መገናኛ ይግላል፣ ብሬከሩ ግን አምፔሩ ስላላለፈ ዝም ይላል። አንድ ጎረቤቴ ጠዋት ሊነቅል ሲል ፕላጉ ከሶኬቱ ጋር ቀልጦ ተጣብቆ አገኘው። አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ውጣና ፕላጉን በእጅህ ንካው። ለብ ካለ ይሁን፣ ካቃጠለህ ማሞቂያውን አጥፋና ሌላ ቦታ ጠይቅ። ኤክስቴንሽን ካስፈለገህም የሣር ማጨጃውን ቀጭን ሽቦ እንዳታመጣው፤ ለ30 አምፔር የሽቦው ውፍረት 10 ጌጅ ነው።

ስለ አሪዞና ደግሞ፣ ሁሉም በረሃ ነው ብለህ አትምጣ። ፍላግስታፍ 7,000 ጫማ ላይ ነው፣ በረዶው የኛን ያስንቃል። ጄነሬተርም እዚያ ይደክማል፣ በየ1,000 ጫማው ከ3 በመቶ በላይ ጉልበት ያጣል። ኳርትዝሳይት ስትወርድ ነው ነፍስህ የምትመለሰው። እዚያ ቢኤልኤም፣ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት፣ የሚያስተዳድረው ሰፊ መሬት አለ፣ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ፈቃድ ከፍለህ ትከርማለህ፣ ጸጥ ያለ፣ ሰፊ፣ ሌሊቱ ኮከብ በኮከብ። ሶኬት የሚባል ግን የለም። ቀዳዳ ሁሉ ተደፍኖ ባትሪህ ከተስተካከለ፣ ፓነሎችህም እዚያ የጥር ፀሐይ ጥሩ ስለሆነች ዋጋቸውን ያወጣሉ። ጄነሬተር የምታስነሳ ከሆነ ጭሱ ከመስኮትህም ከጎረቤትም ይራቅ፤ እየሠራ እያለም አትተኛ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚውንም ገልብጠህ ቀኑን እይ፣ መኪናው አሮጌ ስለሆነ ጊዜው ያለፈበት ይመስለኛል። ይሄን ለነገ አትበለው።

እስከዚያ ሦስት ፎቶ ላክልኝ፤ የባትሪዎቹን ወረቀት፣ የሶላር መቆጣጠሪያውን ጀርባ፣ የኮንቨርተሩን ሞዴል። ምንም ነገር ሳትገዛ ላክልኝ፣ እኔ እዚህ አይቼ የሚያስፈልግህን እነግርሃለሁ። ቀሪውን እኛ ጊቢ ስትደርሱ አብረን እንገጥመዋለን፣ ኬብል መጭመቂያም ቁልፍም አለኝ፣ ጋራዡም ይሞቃል። እንጀራውንም እኛ ቤት ትጋግሩና ፍሪዘሩን ሞልታችሁ ትሄዳላችሁ፣ የኔዋ ከአሁኑ ጤፍ ስንት ኪሎ ይበቃል እያለችኝ ነው።

ለእማማ ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት እደውላለሁ፣ ስልኩን አንሳ።

ወንድምህ