ከኩላሊት እጥበት ስወጣ ለደገፋችሁኝ ሁሉ

የቡሬ ወገኖቼ፣ የባሕር ዳር ዘመዶቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የደረሰብኝን ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። ዛሬ ክፍል ገብቼ አስተምሬያለሁ። ለዚህ ላበቃኝ ፈጣሪ ምስጋና ይግባው።

እጥበት ክፍል ያለችው ሲስተር ስሟን እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች። ቃሏን አከብራለሁ፤ ዝም ማለት ግን አልችልም። በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ማሽኑ ላይ መተኛቱን ለምጄው ነበር። ያስፈራኝ ከተነሳሁ በኋላ የሚመጣው ነው። ዓይኔ ይጨልማል። ባቴን ሸምቅቆ ይይዘኛል። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ቤት ስገባ እንደ በድን እዘረጋለሁ። ቤተሰቤ «አለቀለት» ብሎ ተላቅሷል።

እሷ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። በሁለት ሦስት ቀን የተጠራቀመውን ውኃ ማሽኑ በጥቂት ሰዓት ሲያወጣው የደም ግፊት ይወርዳል፤ ባት የሚሸመቀቀውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለህ ተነሳ፣ ውኃና ጨው ቀንስ አለችኝ። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ሊብስ እንደሚችል፣ መጀመሪያ ላይ ሰዓቱ አጠር የሚለውም ሰውነት እንዲለምድ መሆኑን ነገረችኝ። እህቴ፣ አንቺ ባትኖሪ እጥበቱን ትቼ ቡሬ ልገባ ቆርጬ ነበር!

እናቴ ጠበል በጄሪካን ይዛ መጣች። ሲስተር ጎንበስ ብላ ሳመቻትና፣ «እማማ፣ ይጠጣ፤ ግን በሲኒ ይሁን፣ ከቀኑ ውኃው ጋር ይቆጠርለት» አለቻት። እናቴ አልከፋትም፤ መረቀቻት።

ደግሞ ያቺ ሌሊት አለች። መርፌ የገባበት ቦታ ደሙ አልቆም አለ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል ቀድማ ነግራኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ደወልኩላት። ሐኪም ቤት እስክደርስ ድረስ «ጫነው፣ እንዳትለቀው» እያለች በስልክ አብራኝ ቆየች። ይህን ስጽፍ እንባዬ ይመጣል።

አክስቴ፣ የእኔን ወጥ ያለ ጨው ለብቻ ሠራሽ። ፖታስየም የሚባለው ማዕድን እንዲቀንስ ድንቹን በብዙ ውኃ ቀቅለሽ ውኃውን ደፋሽ። ፖታስየም ሲበዛ ልብ ይጎዳል ሲሉሽ፣ እሱ ያለባቸው ሙዝና ብርቱካን ከቤትሽ ጠፉ። አቦሉን በግማሽ ሲኒ ስትሰጪኝ አንቺም ግማሽ ብቻ ትጠጪ ነበር። አይቻለሁ።

የንስሐ አባቴ፣ እጥበቱ ከሰውነቴ ፕሮቲን ስለሚወስድ እንቁላል ሲታዘዝልኝ ጾም ነው ብዬ ተጨነቅኩ። «መድኃኒትህ ነው፣ ብላ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አገኘሁ።

የዕድራችን አባላት፣ ባሕር ዳር እንድዛወር የረዳችሁኝ፣ የቡሬ መምህራን፣ የሚኒባስ ሾፌሮች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተማሪዎቼ፣ ፊስቱላ (ለእጥበቱ መርፌ እንዲገባበት በቀዶ ጥገና የተያያዘ የደም ሥር) ባለበት እጄ ምንም እንዳልሸከም ደብተር እየተቀበላችሁኝ ነው፤ እደጉልኝ።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ወረቀቱ አልበቃ ብሎ እንጂ ረስቻችሁ አይደለም። ደም የለገሳችሁኝ ደግሞ ማን እንደሆናችሁ እንኳ አልተነገረኝም። እግዚአብሔር ያውቃችኋል፤ ብድራችሁን እሱ ይክፈላችሁ።