ለልጄ፣ ስለ ፊርማው ቀን

ልጄ፣

ትናንት በስልክ «እማ፣ እሱ እኮ ፊርማ ብቻ ነው፣ ዋናው ሰርጉ ነው» ያልሽኝ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። ልመልስልሽ ስል ልብስ ሰፊዋ ጋ ደርሰሽ ስልኩን ዘጋሽው። ስለዚህ ልጻፍልሽ። ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት ከመዝገብ ጋር መሆኑን ታውቂያለሽ። ሙሽሮች ከጠረጴዛው ወዲያ ሲቆሙ እኔ ወዲህ ተቀምጬ ብዙ አይቻለሁ። እና ዛሬ እንደ እናትም እንደ መዝገብ ሠራተኛም ስሚኝ።

በሕግ ፊት የምታገቢው ወረዳ ሄዳችሁ የምትፈርሙበት ያን ቀን ነው። አዳራሹ፣ ዲኮሩ፣ ኬኩ፣ መልሱ በኋላ የሚመጣ ደስታ ነው፤ ይምጣ፣ እኔም እጨፍራለሁ። ግን የክብር መዝገብ ሹሙ፣ ጋብቻውን የሚያስፈጽመውና የሚመዘግበው ሹም፣ ባልና ሚስት መሆናችሁን ከተናገረበት ሰዓት ጀምሮ መብቱም ግዴታውም ሥራ ላይ ነው። ሰርጉ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ብሎ የሚጠብቃችሁ ሕግ የለም።

ሌላው ደግሞ ለእኔ ከዚህም ይበልጣል። ሽማግሌ የመጣ ቀን አንቺ የት ነበርሽ? ጓዳ። ሽማግሎቹ ከአባትሽና ከአጎቶችሽ ጋር ተነጋገሩ፣ ቀጠሮ ተሰጣቸው፣ ተመልሰው መጡ፣ እሺ ተባሉ፣ አንቺ በሩን ገርበብ አድርገሽ ትሰሚ ነበር። ባህላችን ነው፣ እወደዋለሁ። በሰርጉም ቀን ቢሆን የሚናገሩት ሌሎች ናቸው። አባት ይመርቃል፣ ሚዜ ያስቃል፣ ዘፋኙ ያዘፍናል፣ ሙሽራ ቁጭ ብላ ፈገግ ትላለች። የፊርማው ቀን ግን ስለ አንቺ የሚመልስ ሰው የለም። ሹሙ በፈቃድሽ መሆኑን ይጠይቅሻል። አንቺ ራስሽ በአፍሽ፣ ሰው እየሰማ፣ ትመልሻለሽ። አባትሽም እኔም እዚያ ብንቆም አንድ ቃል ልንጨምርልሽ አንችልም።

ይቺ ቅጽበት ላይ ስንት ነገር አይቻለሁ መሰለሽ። አንዷ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች፣ ጨዋነት መስሏት። አንዷ ወደ እናቷ ዞር ትላለች። ጥሩ ሹም ሲገጥማት ታግሶ ጥያቄውን ይደግምላታል፣ ምክንያቱም ዝምታ እሺታ ተብሎ አይጻፍም። አንቺ እንደዚያ እንዳትሆኚብኝ። ቀና ብለሽ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ መልሺ። እርግጠኛ ካልሆንሽ ደግሞ፣ አሁን ያላሰብሽውን ጥርጣሬ ያን ቀን ጠዋት ካገኘሽው፣ የታተመው የሰርግ ጥሪ ወረቀትም የተከፈለው ቀብድም አያስጨንቅሽ። ንገሪኝ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 34 ላይ ጋብቻ በነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠረታል ይላል።

ለምን ይህን ያህል እንደምደክምበት ልንገርሽ። እኔና አባትሽ ስንጋባ ይሠራ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስት ልትታዘዘው ይገባል ይላል። መኖሪያውን የሚመርጠውም እሱ ነበር። ለሴት ልጅ ደግሞ 15 ዓመት ለጋብቻ በቂ ነበር! አባትሽ ልቡ ቀና ስለሆነ በቤታችን እንደዚያ አልኖርንም፣ ግን ሕጉ ከእኔ ወገን አልነበረም፣ እኔም ይህን እያወቅሁ ነው የኖርኩት። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣና ነገሩ ተለወጠ። ዕድሜው ለሁለቱም 18 ሆነ። ቤተሰቡን ሁለቱም እኩል ይመሩታል፣ የት እንደሚኖሩም ተስማምተው ይወስናሉ። ያን ጊዜ ቢሮ ውስጥ አዋጁን ደጋግመን ያነበብን ሴቶች ነበርን። አንቺ የምትፈርሚው በዚህ ሕግ ነው። ስለዚህ «ፊርማ ብቻ» አትበይኝ።

በይ ወደ ቀኑ ልምጣ።

በጊዜ ድረሱ። ቢሮ ሲከፈት በር ላይ ብትሆኑ ይሻላል። ያን ጠዋት የሚፈርሙት እናንተ ብቻ ላትሆኑ ትችላላችሁ፤ «ሲስተም የለም» ሊባል ይችላል፣ መብራት ሊሄድ ይችላል። ምሳ የያዛችሁበትን ቤት ሰዓት አታጥብቁት። ከቢሮው ወጥታችሁ ፎቶ የምትነሱበትም ጊዜ ይኑር። ሰው ብዙ አትጥሩ፣ ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው። እልል የሚል ሰው ግን አይጥፋ፤ ሕጉም ቢሆን በይፋ ይፈጸም ነው የሚለው፣ ተደብቆ አይደለም።

ልትጋቡ መሆኑን ለማሳወቅ ከወር በፊት መሄዳችሁ ጥሩ ነው፣ ሕጉም የሚለው እሱን ነው። ያ ጊዜ ተቃውሞ ያለው ሰው ካለ እንዲያቀርብ ነው። ያላገባ ማስረጃችሁንና ጉርድ ፎቷችሁን ከሰጣችሁ በኋላ የቀረ ነገር ካለ ወረዳው የነገራችሁን ዝርዝር አውጥታችሁ አንድ በአንድ እዩት። መታወቂያችሁ ጊዜው እንዳያልፍበት። እሱን ሌሊት ላይ አስታውሶ የሚደነግጥ ሰው አይጠፋም።

ምስክሮቹን በደንብ አስቢባቸው። ለአንቺ ሁለት፣ ለእሱ ሁለት፣ አራት ሰው። ምስክርነት ከሚዜነት ይለያል። ሚዜ ያደምቃል፣ ምስክር ይምላል። አንቺም እጮኛሽም አራቱም ምስክሮች ጋብቻውን የሚከለክል ነገር እንደሌለ ትምላላችሁ፤ ዕድሜያችሁ እንደደረሰ፣ ሌላ ትዳር እንደሌላችሁ፣ በሕግ የሚከለክል ዝምድና እንደሌለ። ሹሙም መሐላው ሐሰት ቢሆን ምን እንደሚያስከትል ያስረዳችኋል። ስለዚህ ዝም ብሎ በር ላይ የቆመ ሰው ጠርቶ «እባክህ ፈርምልን» ማለት ልክ አይደለም፣ ሲደረግ ግን አይቻለሁ። የሚያውቅሽ ሰው ይሁን። ነገ ከነገ ወዲያ ፍርድ ቤት ጠርቶ «ነበርክ ወይ?» ቢለው ነበርኩ የሚል ሰው ይሁን። የእጮኛሽ ወንድም ከአሜሪካ ሆኖ በቪዲዮ ልመስክር ማለቱን ሰምቻለሁ። ፍቅሩ ገብቶኛል፣ ግን ምስክር መዝገቡ ላይ ይፈርማል፣ እዚያው መገኘት አለበት። እሱ ሰርጉ ላይ ይድረስልን።

እናንተም ብትሆኑ በአካል ነው። ለጋብቻ ውክልና እንደ ሌላው ጉዳይ አይደለም፣ ከባድ ምክንያት መኖሩ በፍትሕ ሚኒስቴር ካልተረጋገጠ አይፈቀድም።

ከመሐላው በኋላ ጥያቄው ይመጣል፣ ከላይ የነገርኩሽ። ከዚያ ፊርማ፤ እናንተ፣ ምስክሮቹ። ሹሙ ባልና ሚስት መሆናችሁን ይናገራል፣ የምስክር ወረቀቱም ይሰጣችኋል። ቀለበት ሕጉ አይጠይቅም፣ ግን ብዙ ሰው እዚያው ያስራል፣ እናንተም እሰሩ፣ ደስ ይላል። ይህ ሁሉ ሲሆን የሚወስደው ጊዜ አጭር ነው። ጥበቃው ረጅም፣ ሥርዓቱ አጭር። እንዳያስደነግጥሽ ብዬ ነው፤ አንዳንድ ሙሽሮች «አለቀ?» ብለው ይተያያሉ።

አላለቀም። ወረቀቱን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አንብቡት። እዚያው ቆማችሁ፣ ፊደል በፊደል። ስምሽ፣ የአባትሽ ስም፣ የአያትሽ ስም፣ የልደት ቀን፣ የተጋባችሁበት ቀን። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስለሚጻፍ የእንግሊዝኛው ከፓስፖርትሽ ጋር አንድ መሆኑን እዪ። የአክስትሽ ልጅ አሜሪካ ያለ ባሏ ማመልከቻ ሲያስገባላት ስሟ በሰርተፊኬቱ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ምን ያህል እንደተንከራተተች አይተሻል። በአንዲት ፊደል! እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቢታይ ኖሮ ወዲያው የሚስተካከል ነገር ነበር። የባልሽን ስም መያዝ አለብኝ ወይ ብለሽም አትጨነቂ፣ በእኛ አገር የአባትሽን ስም እንደያዝሽ ነው የምትቀጥዪው። ወረቀቱን ኮፒ አድርጊ፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ዋናውን ቤት አስቀምጪ። ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ የማረጋገጥ ሥራ ስላለው ያን ጊዜ ዋናውን ትፈልጊዋለሽ።

አሁን ወደ ገንዘብ። አባትሽ «ተያት፣ በሰርጓ ዋዜማ ስለ ንብረት አታውሪ» ብሎኛል። እኔ ግን አልተውም።

ኮንዶሚኒየሙ ከጋብቻ በፊት ያገኘሽው ስለሆነ የግልሽ ሆኖ ይቀጥላል። ካከራየሽው ግን ከተጋባችሁ በኋላ የሚገባው ኪራይ የጋራ ነው። ደመወዝሽ የጋራ ነው፣ ደመወዙም የጋራ ነው። በትዳር ውስጥ መኪና ቢገዛና በእሱ ስም ብቻ ቢመዘገብ፣ የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራችሁ ተብሎ ይገመታል። ይኸው በአንቺም ስም የተገዛውን ይመለከታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ምንም ውል ካላደረጋችሁ ነው። ከዚህ የተለየ ከፈለጋችሁ የጋብቻ ውል ማድረግ ትችላላችሁ፤ ከጋብቻው በፊት ወይም በዚያው ቀን፣ በጽሑፍ፣ ከየወገናችሁ ሁለት ሁለት ምስክር ኖሮ። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚዋዋሉት ነገር ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ስለዚህ «በኋላ እናየዋለን» እዚህ ላይ አይሠራም።

ውል አለመተማመን ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እንደዚያ አላስብም። እንዲህ ደስ እያላችሁ፣ እንዲህ እየተሳሳቃችሁ ስለ ገንዘብ ማውራት ካቃታችሁ መቼ ልታወሩ ነው? ውል አድርጉ አላልኩም። ቁጭ ብላችሁ አንድ ማታ አውሩበት ነው ያልኩት። ውሉን ሳትፈልጉ ብትቀሩም አውቃችሁ ቅሩ።

የእጮኛሽ እናት «ለእኔ ጋብቻ ማለት ቤተ ክርስቲያን ነው» ማለታቸውን ነግረሽኛል። አትከራከሪያቸው። ሕጉም በሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸመውን ጋብቻ ይቀበላል፣ በባህል የሚፈጸመውንም ይቀበላል። ሦስቱም በሕግ ፊት ጋብቻ ናቸው። ልዩነቱ በሃይማኖትም ሆነ በባህል ያገባ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ሄዶ ማስመዝገብ ያለበት መሆኑ ነው። እናንተ አስቀድማችሁ ወረዳ ስለምትፈራረሙ ያ ጣጣ የለባችሁም። ለእሳቸው ቁርባኑን ጠብቁ በያቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

ልብስ ደግሞ እንደ ፍላጎትሽ ነው። ነጭ ቀሚስም ቢሆን ሐበሻ ቀሚስም ቢሆን ያምርብሻል። ግን ደረጃ መውጣት ስለሚኖር፣ መቆምም ስለሚበዛ ጫማሽ የሚያስቆምሽ ይሁን። እጅጌሽ ለመፈረም የማይመች ሰፊ ነገር አይሁን። ስክሪብቶም ያዙ። ሁሌ ስክሪብቶ ይጠፋል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

አባትሽና እኔ ከሁለት ሰዓት በፊት እናንተ ጋ እንደርሳለን፣ በአንድ መኪና እንሂድ። ለአንደኛው ምስክርሽ ለአጎትሽ ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ፣ መታወቂያው ካለፈበት ከአሁኑ ያሳድስ። ሁለተኛዋን ምስክርሽን አንቺ ንገሪያት፣ የእጮኛሽን ሁለቱንም ጠይቂውና ስማቸውን ላኪልኝ።

እናትሽ