ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ልጆቹ ስለሚያነቡት የምርመራ ልቦለድ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ልጆቻችሁ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንድ የልጆች የምርመራ ልቦለድ ያነባሉ። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1862 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ምዕራብ፣ በኔቫዳዋ የብር ማዕድን ከተማ ቨርጂኒያ ሲቲ ነው። ግድያ ስላለበት አስቀድማችሁ እንድታውቁት ይሁን።

በየምሽቱ አንድ ምዕራፍ ይበቃል። ልጁ ደብተሩን በሦስት ዓምድ ይከፍልና ምን እንደታየ፣ ማን እንደተናገረው፣ ገጹን ይመዘግባል። ገጹን መጻፍ ይሰለቻቸዋል፤ ያለ እሱ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ማመሳከር አይቻልም። ብዙዎቹ ገና በሦስተኛው ምዕራፍ «ገዳዩን አወቅሁት» ይሉና ግምታቸውን የሚያፈርሰውን ፍንጭ ሁሉ ሳያስተውሉ ያልፉታል። ስለዚህ «ገዳዩ ማነው?» ሳይሆን «እሱ አይደለም የሚያሰኝ ምን አገኘህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጨረሻውን የምታውቁም እባካችሁ አትንገሯቸው።

ዘመን መቀላቀልም ያስቸግራል። «ለምን አሻራ አያነሱም? ለምን አይደውሉም?» ይሏችኋል። የጣት አሻራ ያኔ ለወንጀል ምርመራ አልዋለም፤ ስልክም ገና አልተፈጠረም። ቴሌግራፍ ግን ነበር። አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው መስመር በኦክቶበር 1861 ሲጠናቀቅ፣ ከሚዙሪ ካሊፎርኒያ በ10 ቀን ገደማ ደብዳቤ ያደርስ የነበረው የፈረሰኞች ፖስታ ወዲያው ሥራውን አቆመ። ስለዚህ አንድ ሰው የሩቅ አገር ወሬ መቼና በምን እንደሰማ ራሱ ፍንጭ ይሆናል። ፎቶግራፍም እንዲሁ፦ ፎቶ የሚነሣው በመስታወት ላይ ስለነበር፣ መስታወቱ ላይ የተቀባው መድኃኒት ሳይደርቅ ፎቶው ተነሥቶ መታጠብ ነበረበት፤ የሚነሣውም ሰው ለሰከንዶች ሳይነቃነቅ ይቆማል። ፎቶው ላይ የደበዘዘ ሰው ካለ፣ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

ስለ ነባሮቹ ሕዝቦች የሚያወሱትን ገጾች ግን አብራችኋቸው አንብቡ። በዚህ ዓይነት መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ ማስፈራሪያ ብቻ ሆነው ይቀርባሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም። አካባቢው የፓዩትና የዋሾ ሕዝቦች ምድር ነው። በ1859 ብሩ ሲገኝ ሰፋሪው ጎረፈ፤ በ1860 በፒራሚድ ሐይቅ አጠገብ ከፓዩቶች ጋር ጦርነት ሆነ። ፍሬያቸው ለነባሮቹ ምግብ የነበረው የጥድ ዛፎችም ለማገዶና ለማዕድን ሥራ ተጨፈጨፉ። ልጁ «ቃሉን ያልተጠየቀ ምስክር ማነው?» የሚለውን ጥያቄ በደብተሩ ይያዝ።

ደብተሩ በየዓርቡ ይሰበሰባል። መጽሐፉ ለልጄ ይከብደዋል የምትሉ እስከ ሐሙስ ለክፍል ኃላፊው አሳውቁ፤ ሌላ መጽሐፍ እንሰጠዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህር