ፈጢራ የሄደችበት ዓመት፦ የኮምፒውተር ጨዋታ ክበብ ዘገባ

በመስከረም የክበባት ምዝገባ ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት «የኮምፒውተር ክበብ» ይል ነበር። ከሻይ ዕረፍት ስመለስ አንድ ሰው በማርከር «ጨዋታ» የምትል ቃል መሀሉ ላይ ሰንቅሮበት፣ ሰልፉ እስከ ውኃ ቧንቧው ተዘርግቶ አገኘሁት። ስሙን ላስተካክል ብል ተመዝጋቢው ሊበተን ሆነ፤ ተውኩት። 23 ተማሪዎች ተመዘገቡ። በክፍላችን ካሉት 11 ኮምፒውተሮች የሚነሡት ሰባት ናቸው፤ እነሱም መብራት ካለ።

የመረጥነው ሩንስኬፕ የተባለውን የኦንላይን ጨዋታ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2013 ለብቻው የተከፈተውን የቀድሞ መልኩን ነው። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ የሚገኘው ጃጌክስ የተባለ ኩባንያ ነው። ለአሮጌ ኮምፒውተር አይከብድም፤ በነጻ የሚገባበት ክፍልም አለው። እኔን የሒሳብ መምህሩን የማረከኝ ግን ቁጥሩን አለመደበቁ ነው። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ዛፍ ይቆርጣል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ይዋጋል፤ በሠራው ልክ የልምድ ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም የየሙያው ደረጃ ከ1 እስከ 99 ከፍ ይላል። የጨዋታው ደንብ አካውንት መጋራትን ስለሚከለክል አካውንቱ የእኔ ሆነ፤ ማውሱን እኔ ያዝኩ፣ ምን ይደረግ የሚለውን እነሱ እጅ እያወጡ ወሰኑ። በዚህ ዕድሜዬ በ23 አለቆች ሥር እንጨት ቆራጭ ሆንኩ።

በጥቅምት መጨረሻ የእንጨት ቆረጣ ደረጃችን 30 ደረሰና አኻያ መቁረጥ ተፈቀደልን። ቀጣዩ ግባችን 60 ነበር፤ «ዩ» የሚባለው ውድ ዛፍ የሚቆረጠው እዚያ ሲደረስ ነው። «ግማሽ መንገድ ጨረስን!» ብለው አጨበጨቡ። ጠመኔ አነሣሁ። ደረጃ 30 የሚደረሰው በ13,363 ነጥብ ነው፤ ደረጃ 60 ደግሞ በ273,742። ግማሹ ይቅርና ከሃያ እጅ አንዱን እንኳ አልሞላንም። አንድ የአኻያ ግንድ የሚሰጠው 67.5 ነጥብ ነው፤ ቀሪውን ስናካፍል 3,858 ግንድ ወጣ። ክፍሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ ከኋላ አንዱ «መምህር፣ መጥረቢያው አይዶለዱምም?» አለ።

ምሥጢሩ እያንዳንዱ ደረጃ ከቀደመው ዐሥር በመቶ ያህል እየተወደደ መሄዱ ነው። ሰባት ደረጃ ሲወጣ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የ99 ግማሽ 50 አካባቢ አይደለም፤ 92 ነው። 92 ላይ 6,517,253 ነጥብ፣ 99 ላይ 13,034,431። ይህንኑ ነገር በባንክ ወለድ ምሳሌ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳስተምር ያልገባው ልጅ በአኻያ በአንድ ቀን ገባው። ትንሽ ቅር ብሎኛል፤ የወለድ ምሳሌዎቼን እወዳቸው ነበር።

አንድ ቀልጣፋ ተማሪ ማውሱን በራሱ የሚጫን ፕሮግራም ይዞ መጣ። ድምፅ ተሰጠበት፤ 14 ለ9 አለፈ። ነገሩ በጨዋታው የተከለከለ፣ አካውንት የሚያዘጋ ነውና ዴሞክራሲያችን እዚያ ላይ ቆመ።

የዓመቱ ዋና ጉዳይ የመጣው ግን ካልገባንበት ክፍል ነው። በጨዋታው የድመት ግልገል ማሳደግ ይቻላል፤ ነገር ግን የአባልነት ክፍያ አለው፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የክበባችን ሳጥን አይችለውም። ሕጉን ግን አነበብነው። ግልገሏ የምታድገው ባለቤቷን እየተከተለች ስትሄድ ብቻ ነው። ካልበላች ወይም ካልተዳበሰች ጥላ ትጠፋለች። ሕጉን ወሰድንና እንስሳውን ቀየርን፤ ሐረር ተቀምጦ ድመት ላይ ማን ይደክማል? ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ አንዱ ቡድን ሦስት ሆኖ፣ 11 የጅብ ግልገሎች በደብተር ላይ ተወለዱ። እያንዳንዱ ደብተር «ደረጃ» እና «ቅርበት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉት። መልመጃ የሠራ ቡድን ከካርቶን የተቆረጠ ሥጋ ያገኛል፣ ግልገሉም ደረጃ ይጨምራል፤ ሥጋው ደግሞ በየትምህርት ቀኑ ግልገሉ ፖስታ ውስጥ መግባት አለበት። ባልገባ ቁጥር ቅርበቱ አንድ ይቀነሳል። ዜሮ ሲሆን ግልገሉ ሄደ።

ፈጢራ የሁለት ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ግልገል ነበረች፤ ስሟን ያወጡላት ከቁርሳቸው ነው። በየካቲት ደረጃ 19 ደርሳ የሁሉም መሪ ሆነች። አንድ ሰኞ ፖስታውን ስከፍት ባዶ ነው፤ ስቆጥር ቅርበቷ ካለቀ ቆይቷል። ልጁ «እሷ የምትመግብ መስሎኝ» አለ። ልጅቷም እሱ የሚመግብ መስሏት ነበር። «ደረጃዋ እኮ 19 ነው፣ መምህር!» አለችኝ፤ ደረጃ ከረሃብ የሚያስጥል ይመስል። ሕጉን ያወጡት እነሱ ናቸውና ገጹ በቀይ ሊሰረዝ ግድ ሆነ። እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች፣ ማስመሪያ ለመነች፣ ጥርት ያለ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረችና ከሥሩ ቀኑን ጻፈች።

እኔም ልዩነቱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የገጸ ባሕርይው መዝገብ መደመር ብቻ ያውቃል፤ ወር ሙሉ ብንጠፋ፣ በውጊያ ብንሞት እንኳ ከልምድ ነጥባችን አንድ አይነካም። የእንስሳው መዝገብ መቀነስም ያውቃል። ተማሪዎቼ በመጀመሪያው የተካኑ ናቸው፤ በሁለተኛው ግን እስከ ሰኔ አራት ግልገሎች ሄደውብናል።

በመጋቢት የወላጆችን ፈቃድ ተቀብለን ከጁገል ግንብ ውጪ ማታ ማታ ጅብ ወደሚመገብበት ቦታ ሄድን። መጋቢው በስም ይጠራቸዋል፤ ሥጋውን በአጭር እንጨት ጫፍ ያቀርባል፤ ሲያሻው እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ያጎርሳቸዋል። አንዱ ተማሪ ደብተሩን እንደያዘ «ጋሼ፣ ይህቺ ደረጃዋ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስደገመው፤ ከዚያ መብራቱ ከማይደርስበት ጥግ የቆመች አንዲት ጅብ አሳየን። «ያቺን ታያታለህ? ዓመት አልፏታል፤ ከዚያ አልፋ አታውቅም።» «ካልመጣችስ?» አለ ልጁ። ሰውየው መልስ አልሰጠም፤ ከቅርጫቱ አንድ ቁራጭ አንሥቶ ወደ ጨለማው ወረወረላት። በማግሥቱ ደብተሮቹ ላይ «ርቀት፣ በእርምጃ» የሚል ሦስተኛ ዓምድ ተጨምሮ አገኘሁ። ማንም አላዘዛቸውም።

«ልጄን ጨዋታ ታስተምራላችሁ አሉ» ብለው የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። የልጃቸውን ደብተር ሰጠኋቸው። ሲያገላብጡ ቆዩና የጠየቁኝ ጅቡ ዛሬ በልቶ እንደሆነ ነው።

ዓመቱን የዘጋነው በእንጨት ቆረጣ ደረጃ 52 ነው። 123,660 ነጥብ፤ የ60 ግማሽ እንኳ አልሞላም፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ያጨበጨበ የለም። ሰባት ግልገሎች ቀርተዋል። ሕጋችን የሚቆጥረው የትምህርት ቀን ብቻ ስለሆነ ክረምቱን ያለ ቀለብ ሊሻገሩ ይችሉ ነበር፤ አባላቱ ግን ጅብ ክረምት አያውቅም ብለው ወሰኑ። ደብተሮቹን ከተማ ለሚቆዩ ተማሪዎች አከፋፈልን። ሁለት ወስዳ የፈረመችው ያቺ ቀይ መስመር ያሰመረችው ልጅ ናት። እንዳያልቅባት 120 ቁራጭ የካርቶን ሥጋ ቆርጬ በፖስታ ሰጥቻታለሁ።