የኤሪክ ቢየነሚን ትልቁን ሥራ ዘለላችሁት

በአሜሪካ ፉትቦል ለዓመታት የራኒንግ ባክ (ኳስ ይዘው የሚሮጡ ተጫዋቾች) አሰልጣኝ ሆኖ ስለሠራው ኤሪክ ቢየነሚ ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ ዋና አሰልጣኝ አለመሆኑን ብቻ አውርቶ አለቀ። ኳስ ይዘው የሚሮጡትን ልጆች ያሠለጠነባቸው ዓመታትስ? እ.ኤ.አ. በ2007 በሚኒሶታ ቡድን ውስጥ አድሪያን ፒተርሰን ገና ጀማሪ ሳለ በአንድ ጨዋታ 296 ያርድ ሮጦ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሌላው ጀማሪ ካሪም ሃንት በካንሳስ ሲቲ ቡድን ሆኖ ሊጉን በሩጫ ያርድ ሲመራ፣ የሁለቱም አሰልጣኝ እሱ ነበር። ይሄ እንዲሁ ዕድል ነው ማለት ይከብደኛል። በኋላ የካንሳስ ሲቲ የማጥቃት አስተባባሪ ስለሆነበት ጊዜ የሚነሳው «ማጥቃቱን የሚመራው ዋና አሰልጣኙ አንዲ ሪድ ነው» የሚል ሰበብም አይዋጥልኝም። ከእሱ በፊት በሪድ ሥር በዚያው የማጥቃት አስተባባሪነት ቦታ የሠሩት ዳግ ፔደርሰንና ማት ናጊ ዋና አሰልጣኝ ሆነዋል እኮ! ከዚህ በኋላ የአሰልጣኝ ታሪክ ስትጽፉ፣ ተጫዋቾቹ በእሱ እጅ እያሉና ከተለዩት በኋላ የሮጡትን ያርድ ጎን ለጎን በሠንጠረዥ አውጡልን።