ሙሌ፣ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው

ሙሌ፣ እንዴት ከረምክ? ጠፋህ እንዳትለኝ፣ አንተም ጠፍተሃል። የልጅህን ክርስትና እንኳ ከሰው ነው የሰማሁት። በል ይቅርታውን እዚህ ላይ እንጨርሰው፤ ጎንደር ስትመጣ ጠጅ ቤት ተቀምጠን እንደ ልብህ ትወቅሰኛለህ። ልደውልልህ ነበር፤ ግን ቤታችንን ታውቀዋለህ፣ ጆሮ ይበዛበታል።

ዘንድሮ ለቃና ዘገሊላ ታናሼ ተመታ። ሚካኤልን አስገብተን ስንመለስ፣ እዚሁ በራችን ላይ። የመታው የማዶ ቤቱ ልጅ ነው። አዎ፣ ያ ትንሽ ሳለ ትከሻህ ላይ አውጥተህ ታቦት ያሳየኸው። ጠባቸው የባጃጅ ነው። “በር ዘጋህብኝ”፣ “አልዘጋሁም” ተባባሉ። ልጁ ሲጨፍርበት የዋለውን ሽመል አነሳ። የታናሼ ቀኝ ክንድ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ባጃጇ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ብድሩ ግን አልቆመም።

ፖሊስ ልጁን ያዘው፣ ጊዜ ቀጠሮ ተጠየቀበት፣ ከዚያ ዋስ ጠርቶ ወጣ። ሽማግሌዎችም ወዲያው መጡ። አንዱማ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? “የነጃዋርና የነእስክንድር ክስ እንኳ በ2014 በገና ዕለት ተቋርጧል፤ እናንተ በአንድ ሽመል ትካረራላችሁ?” ሳቄ መጣ። ያ ፍርድ ቤት የደረሰ ክስ ነው፣ መንግሥት ራሱ ያነሳው፤ የእኛ ገና ክስ እንኳ አልሆነም አልኳቸው። ልዩነቱ አልታያቸውም።

ደግሞ ብንታረቅም መዝገቡ በእርቅ ብቻ አይዘጋም። በባዶ እጁ መትቶት ጉዳቱም ቀላል ቢሆን ኖሮ በግል አቤቱታ የሚታይ ነበር፤ እኛ አቤቱታችንን ስናነሳ ነገሩ ያበቃል። ጉዳት የሚያደርስ መሣሪያ ከተያዘ ግን የወንጀል ሕጉ 556 ሌላ ነገር ይላል። ላንተ ይህን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እናቴ ብቻ “ለታቦት የተያዘ ሽመል መሣሪያ ይባላል?” ብላ ተቆጣች። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

አቃቤ ሕጉ ጋ ተጠራን። ታናሼ የሐኪም ቀጠሮ ስለነበረው እኔ ሄድኩ። ወረቀቱን ፈርሜ ተቀበልኩ፣ ጃንተከል ጋ ቆሜ አነበብኩት። አንድ ገጽ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 42(1)(ሀ) መሠረት አያስከስስም፣ ጥፋተኛ ለማሰኘት የሚበቃ ማስረጃ የለም ይላል። የማህተሙ ቀለም ፊርማው ላይ ፈሷል። አንተስ ስንቱን እንዲህ ዘግተሃል! እዚህ አቃቤ ሕግ ሳለህ “የማያዛልቅ ክስ ይዞ ሰው ማንከራተት ግፍ ነው” ትለኝ አልነበር? እኔ ደግሞ ስንፍና ነው እልህ ነበር። አሁንም ትንሽ እንደዚያ ይመስለኛል፣ አትቀየም።

ግን አቃቤ ሕጉን ምን ልበለው? ምስክሮቹ በተራ ቁጥር ተጽፈዋል፤ ከስማቸው ጎን ለፖሊስ የሰጡት ቃል በአጭሩ አለ። አንደኛ ምስክር ባለሱቁ፤ አላየሁም። ሁለተኛ ምስክር… ሙሌ፣ እናቴ ናት። “ሁካታ ሰምቼ ወጣሁ እንጂ ማን እንደመታው አላየሁም።”

ያን ዕለት ማታ “በዓይኔ በብረቱ አየሁት” እያለች ስታለቅስ ነበር ያመሸችው። የልጁ እናት የጽዋ ማኅበርተኛዋ ናት። አባቴ የሞተ ጊዜ ቤታችንን ማን እንደያዘው አንተም አይተሃል። ደግሞ ቆራቢ ናት፣ መሐላ ትፈራለች። ሳትምል ዋሸች እንግዲህ፤ ሒሳቡን ከነፍስ አባቷ ጋር ይተሳሰቡት። እኔ አንዲት ቃል አልተናገርኳትም። ጠዋት ቡና ታፈላለች፣ አቀርቅሬ እጠጣለሁ።

አሁን ቁጥር 44ን አነበብኩ። ተበዳዩ ውሳኔው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ አቃቤ ሕጉ እንዲከስ ይታዘዝልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ከ15ቱ ብዙው ነጉዷል። የሚያመለክተው ግን ተበዳዩ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ታናሼ ሊፈርም ወረቀቱን ማየት አለበት። ወረቀቱን ካየ ደግሞ ስሟን ያያል።

እሱ መዝገቡ ገና ምርመራ ላይ ይመስለዋል። ማታ ማታ “ምን አሉ?” ይለኛል። “ቀጠሮ ሰጡ” እለዋለሁ። ወረቀቱ ከኮቴ የውስጥ ኪስ አልወጣም። እንዴት ብዬ ልንገርህ… “አያስከስስም” የሚለውን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ተገላገልን አልኩ። ወደ ታች ወርጄ ስሟን ሳየው ነው የዞረብኝ።

ደግሞስ ፍርድ ቤቱ ይከሰስ ቢል ምስክር ከየት ይመጣል? መጥሪያው የሚደርሰው ለእሷው ነው። ካሳ በፍትሐ ብሔር መጠየቅ 2 ዓመት ጊዜ አለው፣ ያ አይቸኩልም፤ ግን እዚያም ያው እሷ ናት። ሽማግሌዎቹ የሕክምናውን ይክፈል ብለው ነበር። ታናሼ “ብሩን አልፈልግም፣ ዳኛ ፊት ይቁም” አለ። እልኸኝነቱን ካንተ ነው የተማረው።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። አዲስ ማስረጃ ሲገኝ በማስረጃ እጥረት የተዘጋ መዝገብ ይንቀሳቀሳል የሚሉት እውነት ነው? እውነት ከሆነ ቀኑ ይለፍና እናቴን ቀስ ብዬ ላናግራት። ካልሆነ ወረቀቱን ለታናሼ ሰጥቼው የመጣው ይምጣ።

በቴሌግራም ጻፍልኝ፣ በድምፅ እንዳትልክ፤ ስልኬን ልጆቹ ናቸው የሚከፍቱት። ታናሼ ሊደውልልህ ይችላል። ከደወለ፣ ስለ መዝገቡ ከእኔ ምንም አልሰማህም።