ከከፍታው በፊት ጥልቀቱን ለኪ

አዳማ፣ ጥቅምት

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? የመስቀል ወፍ እንኳ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለች፤ እኔ ግን ከሦስት ዓመት በላይ ድምፄን አጥፍቼ ቆይቼ ጭራሽ አንቺ ቀድመሽ ጻፍሽልኝ። ሰበብ አልደረድርም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም እቀፊልኝ። ሐዋሳ ያለው ቤት አልቆ መግባታችሁን ሳነብ ደስ ብሎኛል። የዝምታዬ ካሳ ይሁንና የጠየቅሽኝን ሳላሳጥር ልመልስልሽ።

«ራውተሩን፣ ስዊቹን፣ የካሜራ መቅጃውንና ዩፒኤሱን አንድ ላይ የሚይዝ፣ በር የሌለው ራክ ስንት ዩ ልግዛ?» ብለሻል። ራክ ያው ዕቃዎቹ በብሎን የሚታሰሩበት የብረት ማዕቀፍ ነው፣ ዩ ደግሞ የከፍታው መለኪያ፤ ነገሩ ግን ከስንት ዩ አይጀምርም። ሰው ሁሉ ከፍታውን ቆጥሮ ጥልቀቱን ይረሳል። ከዚያ ራኩ ቤት ከገባ በኋላ ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ማለቴ ነው፣ በኋላ በኩል አንድ ስንዝር ወጥቶ ይንጠለጠላል፣ ወይም መሰኪያው ከግድግዳው ጋር ተፋጥጦ አልገባ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሜትር ያዢና ካሉሽ ዕቃዎች ረጅሙን ከፊት እስከ ኋላ ለኪ። ለቤት የሚሆን ስዊች (የኔትወርክ ገመዶቹ የሚሰኩበት ማከፋፈያ) ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መቅጃው ከ30 እስከ 40 ይደርሳል። ራክ ላይ የሚገባ ባለ 2 ዩ ዩፒኤስ ግን ከ45 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። ባለቤትሽ አንድ ቀን ያገለገለ ሰርቨር ገዝቶ ሊመጣ ካሰበ እሱም 70 ያልፋል፤ አሁኑኑ ጠይቂው። በለካሽው ላይ ለመሰኪያና ለገመድ መታጠፊያ 10 ሴንቲ ሜትር ጨምሪ። የምትፈልጊው ጥልቀት ያ ነው።

ዓይነቱን የሚወስንልሽም ይኸው ቁጥር ነው። ባለ ሁለት ቋሚው ርካሽና ቀጭን ነው፤ ግን ወለል ላይ በብሎን ካልታሰረ ይወድቃል። ሴራሚክ የተነጠፈበትን አዲስ ወለል በትራፓኖ መብሳት ደግሞ ከሥሩ የተቀበረ የመብራት ቱቦ ወይም የውሃ መስመር የመምታት አደጋ አለው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ሻጮቹ «ቦታ አይይዝም» እያሉ ያሞግሱልሻል። ግድግዳሽ ብሎኬት ከሆነ ግን ውስጡ ባዶ ነው፤ ፊሸሩ (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) የሚይዘው ሦስት ሴንቲ ያህል ቅርፊት ብቻ ስለሆነ 30 ኪሎ ሲንጠለጠልበት ቀስ በቀስ እየተፈለፈለ ይወጣል። ግድ መሰቀል ካለበት ኮንክሪት ዓምድ ላይ ይሁን፤ ዩፒኤሱም መሬት ይቀመጥ። ለአንቺ እኔ የምመርጠው ባለ አራት ቋሚ፣ ጥልቀቱ የሚስተካከል፣ እግሩ የሚወጣና የሚገባ ነው። ጎማ ያለው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ከግድግዳ ሳብ አድርገሽ ከኋላው ትሠሪያለሽ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ፍሬን ይኑራቸው። ሻጩ የሚነግርሽ የመሸከም አቅም ብዙ ጊዜ ራኩ በእግሩ ቆሞ የሚችለው ነው፤ በጎማ ሲሆን ይቀንሳልና ሁለቱንም ጠይቂ።

አሁን ወደ ዩ እንምጣ። 1 ዩ 44.45 ሚሊ ሜትር ነው። ያንቺን ዕቃ ስደምረው፦ ፓች ፓነል (ከግድግዳ የሚመጡት ኬብሎች የሚያርፉበት ሰሌዳ) 1፣ የገመድ ማሳለፊያ ቀለበት 1፣ ስዊች 1፣ ራውተሩና የፋይበሩ ሳጥን የሚቀመጡበት መደርደሪያ ከነባዶ ቦታው 3፣ መቅጃው ከነመደርደሪያው 3፣ የሶኬት አሞሌው 1፣ ዩፒኤሱ 2፤ ባጠቃላይ 12 ዩ። በትክክል 12 አትግዢ፤ 15 ግዢ። 15 ዩ 667 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከነእግሩና ከነላይኛው አግዳሚ ከወገብሽ ብዙም አይበልጥም። በ12ና በ15 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ነው፤ ሞልቶ ሲያስቸግር ግን ሌላ ራክ ነው የምትገዢው።

ሌላው ሐሳብሽ ብረታ ብረት ቤት ማሠራት ነበር። ይቻላል፣ ግን የሚያበላሸውን ነገር ቀድመሽ እወቂ። ባለ 19 ኢንች ራክ ላይ የዕቃው የፊት ገጽ 482.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በግራና በቀኝ ቋሚ ቀዳዳዎች መካከል ከማዕከል እስከ ማዕከል 465 ሚሊ ሜትር፤ በቋሚዎቹ መካከል የዕቃው አካል የሚያልፍበት ክፍተት ቢያንስ 450። በእያንዳንዱ ዩ ሦስት ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳዎቹ ግን እኩል አይራራቁም። ከዩው መነሻ የመጀመሪያው 6.35 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ሁለተኛው 22.2 ላይ፣ ሦስተኛው 38.1 ላይ ነው። በዩው ውስጥ ርቀቱ 15.9 ሲሆን ከአንዱ ዩ ሦስተኛ ቀዳዳ እስከ ቀጣዩ ዩ የመጀመሪያ ቀዳዳ ግን 12.7 ነው። በያጁ ይህን ካላወቀ ሁሉንም እኩል ይበሳዋል፣ አንድም ዕቃ አይገጥምም። ካወቀም ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እየለካ ከሄደ ስህተቱ ይጠራቀማል፤ በ15 ዩ 45 ቀዳዳ አለ፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ሚሊ ቢያልፍ መጨረሻ ላይ ከ2 ሴንቲ በላይ ይዛነፋል። ሁሉም ልኬት ከአንድ ዜሮ ነጥብ ይነሣ በይው። የእኔ ምክር ቋሚዎቹን ተበስተው የተዘጋጁ መግዛትና ሣጥኑን ብቻ በ40 በ40 በ3 ሚሊ አንግል ማስበየድ ነው። ብየዳው መጀመሪያ በነጥብ ብቻ ይያዝ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ተለክቶ እኩል መሆኑ ከታየ በኋላ ይሙላ፤ ባንድ ጎን አሙቀው ከጨረሱት ብረቱ ይጎብጣል። የተቆረጠው ጫፍ ሁሉ አንቲረስት ይቀባ።

የተገዛውን ስትገጣጥሚ ደግሞ ትዕግሥት ነው ዋናው። ካርቶኑን ወለሉ ላይ ዘርጊ፣ ብሎኑን፣ ዳዶውንና ሮንዴላውን በየዓይነቱ ለይተሽ ከወረቀቱ ጋር አመሳክሪ፤ የጎደለ ካለ ሳትጀምሪ ይታወቅ። አራቱንም ቋሚ ጎን ለጎን አስተኝተሽ የዩ ቁጥሮቹ ወይም የቀዳዳዎቹ ረድፍ ባንድ አቅጣጫ መሄዱን አረጋግጪ። አንዱ ተገልብጦ ከገባ ፊትና ኋላው በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊለያይ ይችላል፤ ይህን የምታውቂው ግን ሁሉም ጠብቆ መደርደሪያው አልገባ ሲል ነው። ከዚያ የግራውን ጎንና የቀኙን ጎን ለየብቻ መሬት ላይ ገጣጥሚ፣ አቁሚያቸውና በአግዳሚዎቹ አያይዣቸው። እዚህ ላይ ሰው ይኑር፣ ብቻሽን አትታገዪ። ብሎኖቹን በእጅ ብቻ አስገቢ። የመጀመሪያውን በቁልፍ ካጠበቅሽው የመጨረሻው ቀዳዳ አይገጥምም፤ ሲገፉት ደግሞ ጥርሱ ይበላል። ሁሉም ከገባ በኋላ ፓች ፓነሉን ከላይ፣ አንድ ሌላ 1 ዩ ዕቃ ከታች ለጊዜው እሠሪ፤ ስፋቱን ከየትኛውም ሜትር በተሻለ የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። ከፊትም ከኋላም ማዕዘን ለማዕዘን ለኪ፤ ሁለቱ ልኬቶች ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ገፋ አድርጊው። ውሃ ልክ አስቀምጠሽ እግሮቹን አስተካክይ። ቁልፍ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው፤ እሱም ከታች ጀምሮ፣ እየተሻገሩ፣ ባንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ዙር።

ካሬ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ኬጅ ነት የሚባሉት፣ በቀጭን የላሜራ ጎጆ ውስጥ የተያዙ ዳዶዎች ያስፈልጋሉ። ከኤም 6 (6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው) ብሎን ጋር 50 ጥንድ ግዢ፤ 40 ያህል ትጠቀሚያለሽ፣ የቀረው ይጠፋል። ከቋሚው ውስጠኛ ገጽ ይገባል፤ ሁለቱ ጆሮዎቹ የቀዳዳውን ግራና ቀኝ ይያዙ እንጂ ላይና ታቹን አይደለም። ከላይና ከታች ከያዘ ዕቃው ሲከብድ ሊወልቅ ይችላል። በካቻቢቴ ሲገፋ ተስፈንጥሮ ጣት ይቆርጣል፤ አብሮ የሚሸጠውን ትንሽ መንጠቆ አትናቂው። አንዳንድ ራክ ቀዳዳው ክብና ጥርስ ያለው ነው፤ እንዲህ ከሆነ አብሮት የመጣውን ብሎን ብቻ ተጠቀሚ፤ የኢንች ጥርስና ኤም 6 ተቀራራቢ ስለሚመስሉ አንድ ዙር ገብተው ይነክሳሉ።

የሚበዛው ስህተት ግን ከየትኛው ቀዳዳ መጀመር እንዳለበት አለማወቅ ነው። ጠባቡን ክፍተት ፈልጊ፤ የዩ ድንበር ያ ነው። ዕቃው ከጠባቡ ክፍተት በላይ ካለው ቀዳዳ ይጀምራል። ከመካከለኛው ከጀመርሽ አንዱ ብሎን ሊገባ ይችላል፣ ግን ከላዩም ከታቹም የማይጠቅም ሽርፍራፊ ቦታ ይቀርና አንድ ሙሉ ዩ ባከነ ማለት ነው።

ዩፒኤሱ ከሁሉም በታች፣ ከሁሉም ቀድሞ ይግባ። ክብደቱ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ነውና በፊት ጆሮው ብቻ አታንጠልጥዪው፤ ጆሮው ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ነው እንጂ ለመሸከም አልተሠራም። ከፊትና ከኋላ ቋሚ ላይ የሚታሰር ሐዲድ ወይም በአራት ማዕዘን የሚያዝ መደርደሪያ ይኑረው። መቅጃውም እንዲሁ። በፊት ብቻ የሚታሰረው መደርደሪያ ለራውተሩ ይበቃል። ከዩፒኤሱ በላይ መቅጃው፣ ከዚያ ራውተሩ፣ ከላይ ስዊቹና ፓች ፓነሉ ከቀለበቱ ጋር ይሁኑ። ፓች ፓነሉ ከስዊቹ አጠገብ ከሆነ የ30 ሴንቲ ገመድ ይበቃል፤ የ2 ሜትር ገመድ ተጠቅልሎ ሲንጠለጠል ማየት ያናድደኛል። ከግድግዳ የሚመጣውን ኬብል ግን አታሳጥሪው፣ ራኩ ሲሳብ እንዳይበጠስ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ትርፍ ተዪለት። የመብራት ገመድ ባንድ ጎን፣ የኔትወርክ በሌላው። በቬልክሮ እሠሪ እንጂ በፕላስቲክ ማሰሪያ አንቀሽ አትጭመቂው። የፋይበሩ ቀጭን ገመድ ከ3 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ በታች አይታጠፍ፤ ከውጭ ምንም ሳይታይ ኢንተርኔቱ ይዳከማል።

መብራቱን በተመለከተ፣ ምጣዱ ከሚሠራበት መስመር አትስጪው። ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ በተለኮሰ ቁጥር ቮልቴጁ ወርዶ ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ ይዞራል፣ ባትሪውም ያለ ዕድሜው ያልቃል። ስታቢላይዘር ካለሽ ከዩፒኤሱ በፊት ይሁን እንጂ ከእሱ በኋላ አይግባ። ክፍት የመኪና ባትሪ ከራኩ ሥር ማስቀመጥም አይሆንም፤ የአሲዱ ትነት ብረቱንም መሰኪያውንም ይበላል። ዋናው ነገር ደግሞ ኧርዝ፣ ያፈተለከ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደው መስመር፣ ነው። ራኩ ብረት ነው፤ አንዱ ዕቃ ኮረንቲ ቢለቅ ልጅሽ የምትነካው ብረት ሁሉ ኮረንቲ ይኖረዋል። ከራኩ አንድ ጥግ ላይ ቀለሙን ፍቀሽ፣ ጥርስ ያላት ሮንዴላ አስገብተሽ፣ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ከቤቱ ኧርዝ ጋር አገናኚ። ቀለሙ ካልተፋቀ ሽቦው ጌጥ ነው። ቤቱ ኧርዝ ከሌለው ለራኩ ብቻ ብረት አስተክለሽ አትለፊ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ከዋናው ቦርድ ጋር ያያይዘው።

ቦታውን ስትመርጪ፣ እዚህ አዳማ ጠላታችን ነፋስና አቧራ ነው፤ በር የሌለው ራክ መስኮት ሥር ከተቀመጠ በወር ውስጥ ይለብሳል። እናንተ ጋ ግን የሚያሳስበኝ ምሽት ብርሃን ተከትለው የሚገቡት የሐይቁ ትንኞችና የክረምቱ እርጥበት ነው። ከመስኮቱ አርቂው፣ የውጭ ግድግዳ ላይም አታስጠጊው፣ ከኋላው ቢያንስ አንድ ክንድ ይቅር። ሁለቱም ከተሞች 1,700 ሜትር ከፍታ አካባቢ ስለሆኑ አየሩ ከባሕር ጠረፉ የሳሳ ነው፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያነሰ፤ ስለዚህ ክፍቱን ክፍት አድርገሽ ተዪው። ዕቃ ባየች ቁጥር የምታለብስ እናት እንዳለችሽ አውቃለሁ፤ እባክሽ ዳንቴል እንዳታለብሰው። በወር አንዴ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል፣ በስድስት ወር ደግሞ ብሎኖቹን በእጅሽ ነካ ነካ አድርጊ፤ ጎማ ያለው ራክ ይላላል።

ምንም ሳትገዢ ሦስት ነገር ላኪልኝ፦ የዩፒኤሱን ርዝመት በሴንቲ ሜትር፣ ራኩ የሚቆምበትን ጥግ ፎቶ፣ ሶኬቱ ከወለል ስንት ከፍ እንደሚል። እስከ እሑድ ከደረሰኝ የብሎኑን ዝርዝር ሳይቀር ጽፌ እመልስልሻለሁ፤ አሁን ደግሞ አልጠፋም።

ያንቺው